በጥቂቱ የሚፈለጉ ማዕድናትና ካንሰር፦ የላቦራቶሪው ቁጥር የሚናገረውና የማይናገረው

መግቢያ

ካንሰር የተገኘበት፣ ወይም ከቤተሰቡ መካከል በካንሰር የሞተ ሰው ያለው ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ሲቀርብ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ እንክብል ነው። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የላከለትን ጠርሙስ ከኪሱ አውጥቶ፣ «ዶክተር፣ ይህን ብወስድ ይጠቅመኛል?» ይላል። በጠርሙሱ ላይ የሚነበበው ስም አብዛኛውን ጊዜ ሴሌኒየም፣ ዚንክ ወይም የልዩ ልዩ ማዕድናት ቅልቅል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ቀላል አይደለም። ያለ ማመዛዘን «ይውሰዱት» ቢባል ሕመምተኛው ገንዘቡን ከማባከኑም በላይ ሊጎዳ፣ ዋናውን ሕክምናም ሊያዘገይ ይችላል። ያለ ማመዛዘን «አያስፈልግዎትም» ቢባል ደግሞ በእርግጥ ያለበት እጥረት፣ አንዳንድ ጊዜም ከእጥረቱ በስተጀርባ የተደበቀው ካንሰር ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

በማዕድናትና በካንሰር መካከል ስላለው ግንኙነት ባለፉት ስድሳ ዓመታት ብዙ ተመርምሯል። ከዚህ ሁሉ ምርምር የተገኘው ትምህርት በአጭሩ ሲገለጽ፣ የማዕድናት እጥረትም ሆነ ብዛት ለካንሰር መንገድ ሊከፍት ይችላል፤ በደም ውስጥ የተለካው መጠን ግን ብዙውን ጊዜ የበሽታው መንስኤ ሳይሆን የበሽታው ውጤት ነው የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን በማስረጃ አስደግፎ ማብራራትና ለዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራ የሚረዱ ነጥቦችን ማመላከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማዕድናቱ በሰውነት ውስጥ ያላቸው ተግባር

በጥቂቱ የሚፈለጉ ማዕድናት የሚባሉት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ100 ሚሊ ግራም በታች የሚያስፈልጉት ናቸው። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ አዮዲንና ሴሌኒየም ናቸው። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ የሚገኘው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም፣ ዚንክ 2 ግራም ያህል፣ መዳብ 100 ሚሊ ግራም ያህል፣ አዮዲን ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። መጠናቸው ይህን ያህል ያነሰ ይሁን እንጂ ያለ እነርሱ ሕዋሳት ሥራቸውን ማከናወን አይችሉም።

ከካንሰር ጋር የሚያገናኟቸው መንገዶች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኛው ሕዋስን ከኦክሳይድ ጉዳት የመከላከል ተግባር ነው። ሴሌኒየም የግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም አካል ሲሆን፣ መዳብና ዚንክ ደግሞ በሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ኢንዛይም ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ ኢንዛይሞች ዲኤንኤን የሚጎዱ ኬሚካላዊ ቅንጣቶችን ያመክናሉ። ሁለተኛው የሕዋስ ክፍፍልንና የዲኤንኤ ጥገናን የመቆጣጠር ተግባር ነው። የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግደው ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ቅርጹን ጠብቆ ከዲኤንኤ ጋር ሊጣበቅ የሚችለው ዚንክ ሲኖረው ነው። ሦስተኛው ከእነዚህ ተቃራኒ የሆነው መንገድ ነው። ነጻ ሆኖ የተከማቸ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ እጅግ ጎጂ የሆኑ ቅንጣቶችን ያመነጫል፤ እነርሱም ዲኤንኤን በቀጥታ ያጠቃሉ።

ከዚህ የተነሣ በማዕድን መጠንና በጤና መካከል ያለው ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በሥዕል ቢገለጽ የ«ሀ» ፊደልን የመሰለ ነው፤ በግራ በኩል እጥረት፣ በቀኝ በኩል ብዛት አደጋውን ከፍ ያደርጉታል፤ ደኅነቱ ያለው መካከል ላይ ነው። «ማርም ሲበዛ ይመራል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሠራል።

ሴሌኒየም፦ ከተስፋ ወደ ጥንቃቄ

ከማዕድናት ሁሉ በካንሰር መከላከል ረገድ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ሴሌኒየም ነው። ታሪኩ ግን የጀመረው በተቃራኒው ነበር። በ1943 የታተመ የአይጥ ጥናት ሴሌኒየም የጉበት ዕጢ እንደሚያስከትል በመግለጹ ለበርካታ ዓመታት በካንሰር አምጪነት ይጠረጠር ነበር። በ1969 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች በሰሜን አሜሪካ በአፈራቸውና በሰብላቸው ውስጥ ሴሌኒየም በብዛት የሚገኝባቸው አካባቢዎች የካንሰር ሞት ዝቅ ያለባቸው መሆናቸውን አመለከቱ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ያመጣልን?» መሆኑ ቀርቶ «ይከላከላልን?» ወደሚለው ተለወጠ።

ሴሌኒየም ከአፈር ወደ ሰብል፣ ከሰብል ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ መጠኑ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል። ይህን በግልጽ የምታሳየው ቻይና ናት። በሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው የኬሻን ወረዳ የተሰየመው የኬሻን በሽታ፣ አፈራቸው ሴሌኒየም በጎደለው አካባቢዎች የሚኖሩ ሕፃናትንና በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን የልብ ጡንቻ ያጠቃ ነበር። በዚያው አገር በሁቤይ ክፍለ ሀገር በኤንሺ አካባቢ ደግሞ ሴሌኒየም ከመጠን በላይ በመብዛቱ ሰዎች ፀጉራቸውና ጥፍራቸው ይረግፍ ነበር።

በካንሰር ረገድ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ የተካሄደውም በቻይና፣ በሊንሺያን ወረዳ ነው። በዚያ የሚኖር ሕዝብ በምግብ መውረጃ ቧንቧና በጨጓራ ካንሰር በብዛት የሚጠቃ፣ አመጋገቡም በብዙ ንጥረ ምግቦች የደኸየ ነበር። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆነ 29,584 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ከአምስት ዓመት በላይ ልዩ ልዩ የቪታሚንና የማዕድን ቅልቅሎችን ወሰዱ። በ1993 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው ቤታ ካሮቲን፣ ቪታሚን ኢ እና በቀን 50 ማይክሮ ግራም ሴሌኒየም በአንድነት ከወሰዱት መካከል ጠቅላላ ሞት በ9 በመቶ፣ የካንሰር ሞት በ13 በመቶ፣ የጨጓራ ካንሰር ሞት ደግሞ በ21 በመቶ ቀነሰ። ሦስቱ በአንድነት ስለተሰጡ ጥቅሙ የየትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። ሆኖም በእጥረት ላይ ያለ ሕዝብ ሲታገዝ ሊጠቀም እንደሚችል ውጤቱ አሳይቷል።

ተስፋውን ከፍ ያደረገው ሁለተኛው ሙከራ በአሜሪካ ተካሂዶ በ1996 ታተመ። ቀደም ሲል የቆዳ ካንሰር የነበረባቸው 1,312 ሰዎች ግማሾቹ በቀን 200 ማይክሮ ግራም ሴሌኒየም፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ እንክብል ወሰዱ። የሙከራው ዋና ዓላማ የነበረው የቆዳ ካንሰር አልቀነሰም። ነገር ግን በሴሌኒየም ወሳጆቹ ላይ ጠቅላላ የካንሰር ሞት በግማሽ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ በ63 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፤ የሴሌኒየም እንክብል ገበያም ደራ።

የፕሮስቴት ካንሰር መቀነስ ሙከራው ሲነደፍ በዋና ጥያቄነት ያልተያዘ ግኝት ስለነበር በሌላ ሙከራ መረጋገጥ ነበረበት። ለዚህም በ2001 «ሴሌክት» የተባለው ሙከራ በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ ተጀምሮ 35,533 ወንዶችን አሳተፈ። ሙከራው እስከ ታቀደለት ጊዜ አልዘለቀም፤ ሴሌኒየምም ሆነ ቪታሚን ኢ ጥቅም እንደሌላቸው በመታየቱ በ2008 እንክብሉ እንዲቆም ተደረገ። ተሳታፊዎቹን መከታተሉ ግን ስለቀጠለ በ2011 የወጣው ዘገባ ቪታሚን ኢን ብቻውን የወሰዱት ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ17 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳየ። በ2014 የታተመው ተጨማሪ ትንተና ደግሞ አስቀድሞ በሰውነታቸው በቂና ከፍ ያለ ሴሌኒየም የነበራቸው ወንዶች ሴሌኒየም ሲጨመርላቸው ፈጥኖ በሚዛመተው የፕሮስቴት ካንሰር ዓይነት የመያዝ ዕድላቸው በ91 በመቶ መጨመሩን አመለከተ።

የ1996ቱ ሙከራም በኋላ በጥልቀት ሲመረመር ሌላ ገጽታ አሳየ። ጥቅሙ የታየው ሲጀመር ዝቅተኛ የሴሌኒየም መጠን በነበራቸው ላይ ነበር። ከዚህም ሌላ ስኩዌመስ የተባለው የቆዳ ካንሰር ዓይነት በሴሌኒየም ወሳጆቹ ላይ በ25 በመቶ መጨመሩ በ2003፣ የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታም በእነርሱ ላይ መብዛቱ በ2007 ተዘገበ።

እነዚህ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ አይደሉም። ሁሉም የ«ሀ»ን ቅርጽ ያሳያሉ። የሊንሺያን ሕዝብ በግራው ጫፍ ላይ ነበር፤ ሲጨመርለት ወደ መካከል ተጠጋ። የሴሌክት ተሳታፊዎች መካከል ላይ ነበሩ፤ ሲጨመርላቸው ወደ ቀኝ ተገፉ።

ዚንክና መዳብ፦ መንስኤ ወይስ ውጤት?

በካንሰር ሕሙማን ደም ላይ በተደረጉ በርካታ ጥናቶች አንድ ዓይነት ውጤት ተደጋግሞ ይታያል፤ ዚንክ ዝቅ ይላል፣ መዳብ ከፍ ይላል፣ በዚህም የተነሣ የመዳብና የዚንክ ንጽጽር ያድጋል። በጡት፣ በሳንባ፣ በጨጓራና በደም ካንሰሮች ላይ ይኸው ተዘግቧል። ውጤቱን የተመለከተ ሰው ዚንክ በመጨመርና መዳብ በመቀነስ ካንሰርን መከላከል የሚቻል ሊመስለው ይችላል።

ይሁንና የዚህ ለውጥ አብዛኛው ክፍል በሌላ ሊብራራ ይችላል። በደም ውስጥ የሚገኘው መዳብ በብዛት የሚጓዘው ሴሩሎፕላዝሚን በተባለ ፕሮቲን ተሸክሞ ነው። ይህን ፕሮቲን ጉበት የሚያመርተው ሲሆን፣ በማንኛውም ብግነት ጊዜ፣ ኢንፌክሽንም ይሁን የመገጣጠሚያ በሽታ ወይም ካንሰር፣ ምርቱ ይጨምራል። በእርግዝናና ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ በመውሰድም ከፍ ይላል። ዚንክ በበኩሉ በብግነት ጊዜ ከደም ወደ ጉበት ይገባል፤ ተሸካሚው አልቡሚን ሲቀንስም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ በካንሰር ሕመምተኛ ደም ውስጥ መዳብ መብዛቱና ዚንክ ማነሱ የበሽታው ምስክር እንጂ የበሽታው አባት ነው ለማለት አያስደፍርም። የሆጅኪን ሊምፎማ ሕሙማን የመዳብ መጠን በሽታው ሲነሣ ከፍ፣ በሕክምና ሲረግብ ዝቅ የሚል መሆኑ ይህንኑ ያጠናክራል።

መንስኤንና ውጤትን ለመለየት የሚረዳው ማዕድኑ ካንሰሩ ከመከሰቱ በፊት የተለካበት ጥናት ነው። ከእነዚህ አንዱ በዚያው በሊንሺያን የተካሄደ ነው። በ1985 ከሰዎች የምግብ መውረጃ ቧንቧ የተወሰደ ናሙና ተቀምጦ ባለቤቶቹ ለ16 ዓመታት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። በ2005 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በናሙናቸው ውስጥ ከፍተኛ ዚንክ የተገኘባቸው ሰዎች ዝቅተኛ ከተገኘባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በካንሰሩ የመያዝ ዕድላቸው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነበር። ዚንክ የተነፈጉ አይጦች ለናይትሮዛሚን ሲጋለጡ በምግብ መውረጃ ቧንቧ ዕጢ በቀላሉ መጠቃታቸውም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። የሆነ ሆኖ በሊንሺያኑ የ1993 ሙከራ ዚንክን ከቪታሚን ኤ ጋር ለአምስት ዓመታት የወሰዱት ሰዎች የካንሰር ሞት በሚታመን ደረጃ አልቀነሰም። የእጥረቱ ጉዳት ከልጅነት ጀምሮ ለአሠርት ዓመታት የሚጠራቀም ከሆነ፣ ዘግይቶ የተሰጠ እንክብል ሊመልሰው አለመቻሉ አያስገርምም።

የዚንክ ብዛትም ያለ ጉዳት አይቀርም። በ2003 የታተመ፣ 47,000 ያህል አሜሪካውያን ወንዶችን የተከታተለ ጥናት በቀን ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ዚንክ በእንክብል የሚወስዱት ላይ የተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰር ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቷል። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በቀን ለወንድ 11፣ ለሴት 8 ሚሊ ግራም ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። በተጨማሪም ለረጅም ጊዜ በብዛት የሚወሰድ ዚንክ መዳብ ከአንጀት እንዳይገባ ስለሚያግድ የደም ማነስንና የነጭ የደም ሕዋሳት መቀነስን ያስከትላል። ይህ ሁኔታ ኬሞቴራፒ በሚወስድ ሕመምተኛ ላይ ሲከሰት በመድኃኒቱ ሊመካኝ ስለሚችል የሚወስደውን እንክብል ሁሉ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ብረት፦ በሁለት በኩል የተሳለ

የብረት ብዛት ካንሰር እንደሚያስከትል የሚያሳየው ጠንካራ ማስረጃ ከጉበት የተገኘ ነው። ሄሞክሮማቶሲስ በተባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ብረት በጉበት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል፤ ጉበቱ ከጠነከረም በኋላ የጉበት ካንሰር አደጋ እጅግ ይጨምራል። ጉበቱ ሳይጠነክር ደም በየጊዜው በመቅዳት ትርፉ ብረት ከተወገደ አደጋውን መከላከል ይቻላል። በደቡባዊ አፍሪካ ገጠሮችም በብረት በርሜልና ማሰሮ የተጠመቀ ባህላዊ ቢራ በብዛት ይጠጡ በነበሩ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ክምችትና የጉበት ካንሰር ተመዝግቧል።

በሌላው ጫፍ የብረት እጥረት አለ። በስዊድን ሰሜናዊ ክፍል ይታይ የነበረው የፕለመር ቪንሰን ሕመም በብረት እጥረት ደም ማነስና በመዋጥ ችግር የሚገለጥ ሲሆን፣ በተለይ ሴቶችን ለላይኛው የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ያጋልጥ ነበር። የሕዝቡ አመጋገብ ተሻሽሎ ብረት በዱቄት ላይ መጨመር ከጀመረ በኋላ ሕመሙ እጅግ እየተመናመነ ሄዷል።

ለጤና ባለሙያ ከሁሉ ይልቅ አሳሳቢው ግን ሌላ ነው። የብረት እጥረት የካንሰር መንስኤ ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ የካንሰር የመጀመሪያ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል ድካም ተሰምቷቸው ወደ ጤና ጣቢያ የመጡ የ55 ዓመት ገበሬ ይታሰቡ። ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ የመንጠቆ ትል ይሆናል ተብሎ የትል መድኃኒትና የብረት እንክብል ይታዘዝላቸዋል። ከወር በኋላ ትንሽ ይሻላቸዋል፤ እንክብሉ ይደገማል። ከስምንት ወር በኋላ ክብደት ቀንሰው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሲላኩ በቀኝ በኩል ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል በዕጢ ተዘግቶ ይገኛል። በዚህ ምሳሌ ላይ የትል መድኃኒቱም ሆነ ብረቱ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ ደሙ የሚፈስበትን ምንጭ አለመፈለግ ነው። ሄሞግሎቢን በብረት እንክብል ከፍ ማለቱ ሕመምተኛው እጥረት እንደነበረበት ያረጋግጣል እንጂ ካንሰር እንደሌለበት አያረጋግጥም።

በበለጸጉት አገሮች በተደረጉ ጥናቶች የብረት እጥረት ደም ማነስ ከተገኘባቸው ወንዶችና ከማረጥ በኋላ ካሉ ሴቶች መካከል 9 በመቶ ያህሉ የትልቁ አንጀት ወይም የፊንጢጣ ካንሰር ይገኝባቸዋል። በመንጠቆ ትልና በወባ በሚጠቃ ሕዝብ መካከል ይህ ድርሻ ሊያንስ ይችላል፤ ይሁንና አንድን ሕመምተኛ የሚያክም ባለሙያ በአማካይ ቁጥር ሊጽናና አይገባውም።

አዮዲንና የእንቅርት ዕጢ

የአዮዲን እጥረት በሰፊው በሚታይባቸው አካባቢዎች ከእንቅርት ዕጢ ካንሰሮች መካከል ፎሊኩላርና አናፕላስቲክ የሚባሉት ዓይነቶች ድርሻ ከፍ ይላል። አዮዲን የተጨመረበት ጨው ሲስፋፋ በአንጻሩ የተሻለ ተስፋ ያለው የፓፒላሪ ዓይነት ድርሻ ያድጋል። እጥረቱ ጉዳቱን የሚያባብስበት ሌላ ሁኔታም በቼርኖቤል ታይቷል። በ1986 ከደረሰው የኑክሌር ማመንጫ ፍንዳታ በኋላ ጨረራማ አዮዲን የደረሰባቸው ልጆች በእንቅርት ዕጢ ካንሰር ተጠቁ። በ2005 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ለተመሳሳይ የጨረር መጠን አዮዲን በጎደላቸው አካባቢዎች የሚኖሩት ልጆች አደጋ ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ባዶ የቆየ ዕጢ ያገኘውን አዮዲን ሁሉ፣ ጨረራማውንም ጭምር፣ በስስት ስለሚስብ ነው።

ለሰውነት የማይፈለጉ ማዕድናት

በማዕድናትና በካንሰር ጉዳይ ማስረጃው እጅግ የጠነከረው ሰውነት በማይፈልጋቸው ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አርሴኒክን፣ ካድሚየምን፣ የኒኬል ውሁዶችንና ስድስት ቫሌንስ ያለውን ክሮሚየም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ምድብ አስቀምጧቸዋል። በሰሜን ቺሊ የአንቶፋጋስታ ከተማ ሕዝብ ከ1958 እስከ 1970 አርሴኒክ በብዛት ያለበትን የወንዝ ውሃ ጠጥቷል። በ1970 ማጣሪያ ከተተከለ በኋላም የሳንባና የሽንት ፊኛ ካንሰር ሞት ለአሠርት ዓመታት ከፍ ብሎ ቆይቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በማዕድን ምክንያት የሚመጣ ካንሰር ዘግይቶ የሚታይ መሆኑና መከላከያውም በእንክብል ሳይሆን ንጹሕ ውሃ በማቅረብ የሚገኝ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው የአርሴኒክ መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከተመረመሩት የጉድጓድ ውሃዎች አንዳንዶቹ ከዚህ በላይ ሆነው ተገኝተዋል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። በ2020 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከተመረመሩት ሰዎች ከሦስት አንድ ያህሉ የሴሌኒየም እጥረት እንዳለባቸው ያሳየ ሲሆን፣ እጥረቱ በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ሲበረታ በስምጥ ሸለቆና በምሥራቁ ይቀንሳል። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናትም የጤፍና የስንዴ የማዕድን ይዘት ሰብሉ በበቀለበት አፈር እንደሚወሰን አረጋግጧል። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ የ«ሀ» ፊደል ሁለቱም ጎኖች ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። ለአንዱ አካባቢ የሚጠቅም ምክር ለሌላው ላይጠቅም፣ ሊጎዳም ይችላል።

የጤፍ ብረትም ልዩ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። በጤፍ ውስጥ የሚለካው ከፍተኛ ብረት አብዛኛው በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈር የሚቀላቀል ሲሆን ሰውነት የሚጠቀምበት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ «እንጀራ የሚበላ ሰው ብረት አይጎድለውም» ብሎ መደምደም አይቻልም።

በአርሲና በባሌ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር በብዛት መታየቱ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። አካባቢው ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀው የዚህ ካንሰር ቀጣና አካል ነው። በ2015 የታተመ የአፍሪካ ጥናት የሴሌኒየምና የዚንክ እጥረትን ከዚህ ቀጣና ጋር አያይዞታል። ሆኖም ማስረጃው የሕዝብን አማካይ ከአካባቢ ጋር ያነጻጸረ በመሆኑ ለግለሰብ አይተረጎምም። እጅግ ትኩስ ምግብና መጠጥን የመሳሰሉ ሌሎች ምክንያቶችም አብረው ሊታዩ ይገባል።

የላቦራቶሪ ውጤት ሲነበብ

የማዕድን መጠን ውጤት በእጁ የደረሰ ባለሙያ ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ማጤን ይኖርበታል።

አንደኛ፣ ናሙናው እንዴት ተወሰደ? ዚንክ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ ሕዋሳቱ ከፈረሱ ወይም ሴረሙ ሳይለይ ከቆየ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። የተራ ቲዩብ የጎማ ክዳንም ዚንክ ሊያፈስ ይችላል። ደሙ የተወሰደበት ሰዓትና ሕመምተኛው መብላት አለመብላቱም ለውጥ ያመጣል።

ሁለተኛ፣ ብግነት አለ? ሲአርፒ አብሮ ካልተለካ የዚንክ፣ የመዳብ፣ የሴሌኒየምና የፌሪቲን ውጤትን መተርጎም ያስቸግራል። ፌሪቲን በብግነት ጊዜ ስለሚጨምር መደበኛ መስሎ የብረት እጥረትን ሊሸፍን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ በጤናማ አዋቂ ላይ ከ15 ማይክሮ ግራም በሊትር በታች የሆነ ፌሪቲን የብረት እጥረትን ሲያመለክት፣ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ላለበት አዋቂ መለኪያው ወደ 70 ከፍ ይላል። በካንሰር ጊዜ ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን ብረትን በሕዋሳት ውስጥ ስለሚቆልፍ በደም ውስጥ ያለው ብረት ዝቅ ብሎ በክምችት ያለው ግን በቂ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ደም ማነስ የሚዋጥ የብረት እንክብል ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ የሕክምናውን አቅጣጫ ይለውጣል? የማይለውጥ ከሆነ ምርመራው ለሕመምተኛው ወጪ ብቻ ነው። በፀጉር ላይ የሚደረግ የማዕድን ምርመራም ካንሰርን ለማወቅም ሆነ የካንሰርን ዕድል ለመተንበይ የሚያገለግል አይደለም።

ለሕሙማን የሚሰጥ ምክር

እስካሁን ከቀረበው ማስረጃ በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ለዕለት ተዕለት ሥራ ሊረዱ ይችላሉ።

1. እጥረት ከተረጋገጠ ይታከም። ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጠው ብረትና ፎሊክ አሲድ፣ ተቅማጥ ላለበት ሕፃን የሚሰጠው ዚንክ፣ አዮዲን ያለበት ጨው ጥቅማቸው የተረጋገጠ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ብዛት የተነገረው ማስጠንቀቂያ እነዚህን ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም።

2. ካንሰርን ለመከላከል ተብሎ የማዕድን እንክብል አይታዘዝ። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በ2018 ባወጣው ምክርም ለዚህ ዓላማ በእንክብል መታመን እንደማይገባ፣ ፍላጎትን በምግብ ማሟላት እንደሚገባ ገልጿል።

3. ብረት የጎደለው ወንድ ሁሉ፣ ከማረጥ በኋላ ያለች ሴትም ሁሉ የደም መፍሰሻ ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ ጉዳዩ እንዳልተዘጋ ይቆጠር። የሰገራ መልክና የክብደት መቀነስ ይጠየቅ፤ ሆድ ይዳሰስ፤ የፊንጢጣ ምርመራ አይታለፍ፤ ከዚያም በላይኛውና በታችኛው የምግብ ቧንቧ ክፍል ለሚደረግ የኢንዶስኮፒ ምርመራ ይላኩ። በዕድሜ ያልገፉ ሕሙማንም ቢሆኑ እጥረቱ ከተመላለሰ በተመሳሳይ መንገድ ይታዩ።

4. ኬሞቴራፒ ወይም የጨረር ሕክምና የሚወስዱ ሕሙማን የሚወስዱትን ሁሉ ሳይፈሩ እንዲናገሩ ይበረታቱ። በ2020 የታተመ የጡት ካንሰር ሕሙማን ጥናት በኬሞቴራፒ ወቅት የብረት እንክብል ይወስዱ በነበሩት ላይ በሽታው የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ጥናቱ መንስኤነትን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይወሰድ ለመምከር ይበቃል።

5. ከጠርሙስ የወጣ ሁሉ በላዩ የተጻፈውን ያህል ነው ተብሎ አይታመን። በ2008 በአሜሪካ አንድ ፈሳሽ ማሟያ በስሕተት ከተጻፈው 200 እጥፍ ያህል ሴሌኒየም ይዞ በመሸጡ 201 ሰዎች በሴሌኒየም መመረዝ ተጠቅተዋል። ፀጉርና ጥፍር መርገፍ፣ ተቅማጥና የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት የመጣ ሰው ምን እንደሚወስድ ይጠየቅ።

6. ሕመምተኛውን ማሳፈር አይገባም። እንክብሉን የላከው ዘመድ ከፍቅር፣ ሕመምተኛውም የያዘው ከተስፋ የተነሣ ነው። «ይህ አይረባም» ብሎ ከመጣል ይልቅ ምን እንደሚጠብቅበት መጠየቅና በገንዘቡ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣ ወይም ሥጋ ቢገዛበት የተሻለ እንደሚሆን ማስረዳት ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

በጥቂቱ የሚፈለጉ ማዕድናት ከካንሰር ጋር ያላቸው ግንኙነት እውነተኛ ነው፤ ግን አንድ ወጥ አይደለም። እጥረት ባለበት ሕዝብ ዘንድ አመጋገብን ማሻሻል የካንሰርን ሸክም ሊያቃልል ይችላል። በቂ ላለው ሰው መጨመር ግን ጥቅም አላሳየም፤ አንዳንድ ጊዜም ጎድቷል። በሕመምተኛ ደም ውስጥ የተገኘ ዝቅተኛ ወይም ከፍተኛ ቁጥር የበሽታው ምክንያት፣ የበሽታው ውጤት ወይም የናሙና አወሳሰድ ጉድለት ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ብቻ አይቶ እንክብል ማዘዝ ሕክምና አይባልም። ከሁሉም በላይ የብረት እጥረት የተገኘበት ሕመምተኛ የብረት ክኒን ይዞ ሲሸኝ ጥያቄው አብሮ መሸኘት የለበትም። ብረቱ የት ሄደ? ተብሎ በጊዜው ከተጠየቀ በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል ካንሰር ሳይዘገይ ሊደረስበት ይችላል።